አዝማቹ ቀርቶ ስንኙ ሲጠፋ፦ የድሮ ዘፈን ፈልጎ ከካሴት ማውጣት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩ አንድ የድሮ ዘፈን ሲከፍት፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ተሳፋሪ ሁሉ አዝማቹ ላይ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ስንኙ ሲመጣ ግን ግማሹ ዝም ይላል፣ ግማሹ በ«እም… እም» ያልፈዋል። ጥፋቱ የእርጅና ብቻ አይደለም። አዝማች በአንድ ዘፈን ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ስንኝ ግን አንዴ ተብሎ ያልፋል። መቶ ጊዜ የተሰማ ካሴት አዝማቹን አራት መቶ ጊዜ አሰምቷል ማለት ነው። ከስንኙም ቢሆን ጆሮ ላይ የሚቀረው መጨረሻው ነው፤ ቤት መምቻው ስለሚገጥም እርስ በርሱ ይጠራራል፣ የመስመሩ መነሻ ግን የሚጠራው የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው «ግጥሙ ጠፋብኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ የጠፋበት የመስመሮቹ የፊት ግማሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የማስታወስ ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳዩት፣ ሰው ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመቱ ያሳለፈውን ከሌላው ዕድሜው አጥርቶ ያስታውሳል፤ ዘፈንም በዚሁ ይጠቃለላል። የጠፋ ዘፈን ሲፈለግ እንግዲህ ሰውን «ማን ነው የዘፈነው?» ብሎ ማፋጠጥ ብዙም አይረዳም። «የማን ሠርግ ላይ ነበር? ስንተኛ ክፍል ነበርክ?» ሲባል ነው የሚመጣለት። ጥያቄውም ያኔ ወጣት ለነበረ ሰው ይቅረብ፤ ያኔ አርባ ዓመት የሞላው ዘፈኑን ሰምቶታል እንጂ አልያዘውም።

ከዚያ ወደ ስልክ ይኬዳል፣ እዚያም ፈላጊው ሦስት አራት ወጥመድ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው «ትዝታ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ትዝታ ናፍቆት ነው፣ ቅኝት ነው፣ በየዘመኑ በየድምፃዊው የተዘፈነ የዘፈን ዓይነትም ነው። ያንን ቃል ብቻ ጽፎ መፈለግ መንዝ ገብቶ «በግ ያለው ሰውዬ» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። የአጃቢውን መሣሪያ ይጨምሩበት፦ ክራር፣ ሳክስፎን፣ ኦርጋን። ሁለተኛው የፊደላችን ጣጣ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እየተለዋወጡ ስለሚጻፉ አንድ ስም አራት አምስት መልክ ይኖረዋል። የጸሐዬ ዮሐንስን ዘፈን የሚፈልግ ሰው «ፀሐዬ»ንም፣ «ፀሀዬ»ንም፣ «ጸሃዬ»ንም መሞከር አለበት። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ «ቲዚታ» የሚያስብል፣ ሌላው «ተዘታ» የሚያስብል አጻጻፍ ይጠቀማል። ሦስተኛው ጆሯችን ነው። ጽሑፋችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና» ላልቶ እና «ገና» ጠብቆ በወረቀት ላይ አንድ ናቸው፣ በዘፈን ውስጥ ግን አንዱ «እስካሁን» ሌላው በዓል ነው። ዜማ ደግሞ ሲያሻው የላላውን ያጠብቃል። ያስታወሱት ቃል ትርጉም አልሰጥ ካለ አጥብቀውና አላልተው ይሞክሩት። በመጨረሻም፣ የሕዝብ የሆነ አንድ ባለ ሁለት መስመር ግጥም በብዙ ዘፈን ውስጥ ይዞራል። ግጥሙን ማግኘት ዘፈኑን ማግኘት ማለት አይደለም።

ዘፈን የሚለዩት የስልክ መተግበሪያዎችስ? ሻዛምን የመሰሉት የሚያነጻጽሩት ዜማውን ሳይሆን ያንኑ ቅጂ ራሱን ነው፤ አንጎራጉረውለት አያውቀውም። ካሴቱን ቢያሰሙትም ቴፑ በጥቂት ፐርሰንት ከፈጠነ ወይም ከተጎተተ ቅጂው ሌላ ሆኖበት ያልፈዋል። ማንጎራጎርን ከሚቀበሉት አንዱ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 ያመጣው አገልግሎት ነው፤ እርሱም የሚሠራው ዘፈኑ ቀድሞውኑ ኢንተርኔት ላይ በደንብ ካለ ነው።

ዘመኑን ከድምፁ መገመት ይቻላል። አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን እስከ 1975 ሸክላ ያሳትም ነበር። በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጽ የምትይዘው አራት ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ዘፈን አጭር ነው፣ ከረዘመም በሁለቱ ገጽ ተከፍሎ መሐሉ ላይ ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሸክላው ለካሴት ቦታ ለቀቀ፣ ዘፈኑም ረዘመ። ጥሩንባና ሳክስፎን በርከት ብለው ከተሰሙ ወደ ሸክላው ዘመን፣ የሮሃ ባንድ ዓይነት ኪቦርድ ከተሰማ ወደ ካሴቱ ዘመን ይጠጋል። የደወል ቃና ያለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ ከሰሙ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ7 የተባለው ኪቦርድ ወይም የእርሱ ተከታይ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ከሆነ ዘፈኑ ከዚያ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም። በሽፋኑ ላይ «79» ቢጻፍ በእኛ 1979 ነው። በፈረንጅ 1979 ብሎ የፈለገ ሰው ሰባትና ስምንት ዓመት ስቶ ሌላ ባንድ ውስጥ ይገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይገኝ ዘፈን ብዙ ነው። ከሸክላው ዘመን የተወሰነው በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በኢትዮፒክስ ሲዲዎች እንደገና ወጥቷል፤ የካሴቱ ዘመን ግን አብዛኛው ያለው በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ነው። እንግዲህ ወደ ሳጥኑ።

ካሴቱ ሲገኝ ቸኩለው አያጫውቱት

ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ካሴት አደጋው ያለው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ነው። ሰው ካሴቱን እንዳገኘ ደስ ብሎት፣ እንደርሱው ሠላሳ ዓመት የተኛ ቴፕ ውስጥ ይከተዋል፤ ቴፑም ያመነዥከዋል።

መጀመሪያ በመስኮቱ ይመልከቱት። የተጠቀለለው ክር ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ ከታየ ሻጋታ ነው፤ ይህ እንዲህ እንዳለ አይጫወትም፣ ሄዱንም (ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን የቴፑን ክፍል) ቴፑንም ይበክላል፣ ከዚያ ለሌላውም ካሴት ይተርፋል። ክሩ በሚታይበት በክፍቱ በኩል ደግሞ መሐል ላይ በቀጭን የብረት ቅጠል ላይ የተለጠፈች የጥፍር ቁራጭ የምታህል ስፖንጅ መሳይ ጨርቅ አለች። ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው እርሷ ናት። ሙጫዋ ደርቆ ከወደቀች ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ብዙ ሰው «ካሴቱ ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥለው በዚህች ምክንያት ብቻ ነው። ከማይፈለግ ካሴት ላይ ከነብረቷ አውጥቶ መግጠም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አብዛኛው ካሴት በአምስት ብሎን የታሰረ ነው፤ ብሎን የሌለው የተጣበቀ ስለሆነ ስፌቱን በቀጭን ቢላ ከፍቶ ሁለቱን ጥቅሎች ባለ ብሎን ቀፎ ውስጥ ማዛወር ይሻላል።

የክሩ ነገር እንዲህ ነው። ስፋቱ 3.81 ሚሊሜትር ነው፣ በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ይሄዳል። የስድሳ ደቂቃ ካሴት ለአንድ ገጽ ወደ 86 ሜትር ክር ይፈልጋል። ባለ ዘጠናው ረጅም ክር በዚያው ቀፎ እንዲበቃ ተብሎ የቀጠነ ነው፤ ቀጭን በመሆኑም ቶሎ ይሳባል፣ ቶሎ ይታኘካል። አሁን አንድ ስሌት፦ በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ፣ ለምሳሌ የሲምባል «ጭስስ»፣ ክሩ ላይ የሚይዘው ርዝመት አንድ ሚሊሜትር ለሁለት መቶ ቢከፈል አንዱን ክፍል እንኳ አይሞላም። የሰው ፀጉር ከዚያ አሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። ስለዚህ ሄዱ ላይ በዓይን የማትታይ እድፍ ክሩን ከቦታው ብድግ ብታደርገው፣ ወፍራሙ ድምፅ ይቀራል፣ ሲምባሉና የ«ሰ» ድምፅ ይጠፋሉ። ዘፋኙ አፉን በነጠላ የሸፈነ የሚመስለው ያን ጊዜ ነው።

ደጋው ላይ፣ በደብረ ብርሃንና በመንዝ በኩል፣ ይህ እድፍ ብዙውን ጊዜ የኩበት ጭስ ነው። ምድጃ ባለበት ቤት የኖረ ካሴት ጥቀርሻው ቀፎው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ወደ ሸዋሮቢት ሲወረድ ችግሩ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር፣ ሸዋሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናቸው፤ ሙቀት ደግሞ ቀፎ ያጣምማል፣ ሙጫ ያላቅቃል፣ «ማስተጋባት»ንም ያብሳል። ዘፈኑ ሊጀምር ሲል ከአንድ ሁለት ሰከንድ በፊት የዘፈኑ መነሻ በሹክሹክታ ሲሰማ ሰምተው ይሆናል። ክሩ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ንብርብሩ እርስ በርሱ ስለሚነካካ፣ የአንዱ መግነጢስ በላዩ ወዳለው ስለሚያልፍ ነው። ካሴቱን ከማጫወትዎ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ወደፊትና ወደኋላ ቢያጠነጥኑት ሹክሹክታው ይቀንሳል፣ ፈጽሞ ግን አይጠፋም። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ቀዝቃዛ ካሴት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ያልበዋል። በፌስታል እንደታሰረ አንድ ቀን ያቆዩት፣ ከዚያ ይክፈቱት።

ቴፑን ማሰናዳት

ካሴት የሚበላ ቴፕ ለምን ይበላል? ክሩን የሚጎትቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዷ ቀጭን የብረት ዘንግ ናት፤ ከጎማ ተሽከርካሪ ጋር ሆና ክሩን ቆንጥጣ ወደ ቀኝ ትልካለች። ሌላው በቀኝ ያለው እሾህ ነው፤ የተላከውን ይጠቀልላል። ሁለቱን የሚያገናኘው የጎማ ቺንጋ ከላላ ዘንጓ መላኳን ትቀጥላለች፣ ጠቅላዩ ግን ይቆማል። ተቀባይ ያጣ ክር መሄጃው ጎማው ላይ መጠምጠም ነው። ለማወቅ ካሴት ሳያስገቡ «ፕሌይ» ይጫኑና የቀኙን እሾህ በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ይያዙት፤ እየታገለ መዞር አለበት። ወዲያው ከቆመ ያንን ቴፕ ለድሮ ካሴት አይመኑት።

ቺንጋውን ለሚቀይር ሰው፦ አዲሱ ዙሪያው ከአሮጌው በአምስት ፐርሰንት ገደማ ማነስ አለበት፤ አሮጌው ተለጥጧልና። ከመኪና ወይም ከብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጦ መግጠም የተለመደ ነው፣ ግን ውፍረቱ ወጥ ስለማይሆን ድምፁ ይዋልላል፤ ረጅም የክራር ድምፅ ላይ በደንብ ይታወቃል። አሮጌው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ከሆነ ተሽከርካሪዎቹን በአልኮል አጽድተው ይጨርሱ፣ ጥቁሩ ትንሽ እንኳ ከቀረ አዲሱን ያንሸራትተዋል።

ሄዱንና የብረት ዘንጓን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ እና በአልኮል ይጥረጉ። ፋርማሲ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 70 ፐርሰንት ነው፤ ውሃ ስላለበት አሥር ደቂቃ ያድርቁት። 90 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ይመረጣል። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ሌላ ይያዙ፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። የጎማ ተሽከርካሪውን ግን በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና፤ አልኮል ሲደጋገም ጎማ ያደርቃል። ከዚያ ለማይሳሱለት ካሴት ሙሉ አንድ ገጽ ያጫውቱለትና ይዩት።

ክር ከተበላ «ስቶፕ»ን እየደጋገሙ አይጫኑ፣ ካሴቱንም በጉልበት አይጎትቱ። ኃይሉን ያጥፉ፣ ክዳኑን ይክፈቱ፣ የጎማውን ተሽከርካሪ በጣት ወደኋላ እያዞሩ ክሩን ያስለቅቁ። የተጨማደደውን በጥፍር እንዳይዳምጡት፤ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብለው ይጠቅልሉት፣ አንድ ሁለት ጊዜ ሲጫወት ራሱ ይቃናል። ከተበጠሰ ሁለቱን ጫፍ በምላጭ ቀጥ አድርገው ቆርጠው፣ ሳይደራረቡ ጫፍ ለጫፍ አጋጥመው፣ ድምፁ የማይነበብበት በጀርባው በኩል ይለጥፉ። ለዚህ የተሠራ የመቀጠያ ፕላስተር አለ። የተራ ስኮች ሙጫ ከጊዜ ጋር ፈስሶ ቀጣዩን ንብርብር ያጣብቃል፤ አማራጭ ከጠፋ እርሱን ተጠቅመው በዚያኑ ቀን ይገልብጡ፣ ለማስቀመጫ ግን አይተዉት።

መገልበጥ

ስልክን ከቴፑ ስፒከር ፊት አስቀምጦ መቅዳት የሁሉም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። የስልክ ማይክ ግን የተሠራው ለንግግር ነው፤ ባሱን ይቆርጣል፣ ድምፁ ሲጎላ ራሱ ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ያጎላል፤ የውጪውን ዶሮም ይቀዳል። የሚሻለው ገመድ ነው፦ ሁለቱም ጫፉ 3.5 ሚሊሜትር የሆነ ስቴሪዮ ገመድ፣ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ላፕቶፕ የሚቀበለው የማይክ ድምፅን ነው፣ ለሞኖ ብቻ፤ «ላይን ኢን» (ከማይክ ሳይሆን ከመሣሪያ የሚመጣ ድምፅ መግቢያ) ያለው ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል።

የቴፑን ድምፅ ከግማሽ በታች፣ ባስና ትሬብሉን መሐል ላይ፣ ዶልቢ (የካሴት እሽታ መቀነሻ) ካለው ያጥፉት፤ እዚህ የተገለበጡት ካሴቶች አብዛኞቹ ያለ ዶልቢ ናቸው። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። በ44,100 ሄርዝ ይቅዱ፣ የጎላው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ እንዲመላለስ ያድርጉት። ዜሮን ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ያ ደግሞ በኋላ አይጠገንም፤ ማነስ ግን ይታረማል። «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከገባ የመብራቱ 50 ሄርዝ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠፋል።

አሁን ወደ ፍጥነት። ድሮ ካሴት የሚገለበጠው በድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ከሆነ፣ ድንጋዩም ፀሐይ ላይ እየተሰጣ ነፍስ የሚዘራ ከሆነ፣ ቴፑ ሲቀዳ ይጎተት ነበር። ያ ካሴት ዛሬ በደህና ቴፕ ሲጫወት ይፈጥናል፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፋኝ ልጅ ይመስላል። ማረሚያው እንዲህ ነው፦ ኪቦርድ ወይም ኦርጋን ያለበት ዘፈን ይምረጡ፤ ክራርና ማሲንቆ ለዘፋኙ ስለሚቃኙ አይመሰክሩም። በስልክ መቃኛ መተግበሪያ አንድ ረዘም ያለ የኪቦርድ ድምፅ ይለኩ። ከትክክለኛው ቁልፍ 30 ሴንት ከፍ ካለ፣ ፍጥነቱን በ1.7 ፐርሰንት ይቀንሱ፤ ሙሉ ግማሽ ድምፅ (100 ሴንት) ከሆነ በ5.6። በኦዳሲቲ ፍጥነትና ቃናን አብሮ የሚለውጠውን ትእዛዝ ይጠቀሙ፤ ቃናን ብቻ የሚለውጠው ዘፈኑን ያበላሻል። ድንጋዩ እያለቀ ሲሄድ የተቀዳ ካሴት ደግሞ መጨረሻው ከመነሻው የበለጠ ይፈጥናል፤ በዘፈን በዘፈኑ መለካት ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለም።

አንድን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፋይል ይቅዱ፣ መቆራረጡ በቅጂው ላይ ይሁን። አንድ ዘፈን ሲያልቅ ቀጣዩ ሳይጀምር ጭንቅላት ውስጥ የሚጀምረው የካሴቱ ቅደም ተከተል ስለተለመደ ነው፤ ያ ሰልፍ ከፈረሰ የማስታወሻው ግማሽ አብሮ ይሄዳል። ሹክሹክታና እሽታ የሚያጠፋውን ማጣሪያም ዋናው ፋይል ላይ አይሞክሩት፤ ሲበዛ ዘፋኙን ውኃ ውስጥ ያስገባዋል። ያልተጨመቀ ፋይል በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ የስድሳ ደቂቃ ካሴት 600 ማለት ነው። 32 ጊጋባይት ፍላሽ ወደ ሃምሳ ካሴት ይይዛል፤ ግን ፍላሽ ሳያስታምም ስለሚሞት ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቤት ይኑር። ለራስ የሚሆን አንድ ቅጂ ማውጣትን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይፈቅዳል። ኢንተርኔት ላይ መልቀቅና መሸጥ ግን ባለመብቱን ማስፈቀድ ይጠይቃል።

የካሴቱን ሽፋንና በእስክሪብቶ የተጻፈበትን ሁሉ ፎቶ አንሡ፣ «ምርጥ ቁጥር 2» ብቻ ቢልም። ከጀርባው ያሉትን፣ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት የተከፈቱትን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎችም ይዩ፤ በወረቀት ወይም በፕላስተር ተደፍነው ከሆነ አንድ ሰው ዘፈኑ ላይ ሌላ ነገር ቀድቶበት ይሆናል። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ገጽ እስከ ጥግ ያዳምጡ። ከዐረብ አገር የተላከ የድምፅ ደብዳቤ፣ የሟች እናት ሰላምታ፣ የሕፃን ሳቅ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ዘፈኑ አልቆ ዝም ካለ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ላይ ነው።